ኤችዲኤክስ በኤአይ ኤጀንት እጅ፦ ፍለጋው ጥሩ ነው፣ ዶክመንቴሽኑ ግን ይቀረዋል

ኤችዲኤክስ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ (ኦቻ) ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያስተዳድረው ክፍት የዳታ ቋት ነው። የኢትዮጵያን የገበያ ዋጋ፣ የተፈናቃዮች ቁጥር ወይም የክልልና የወረዳ ወሰን በፋይል ለሚፈልግ ሰው ከሁሉ የተሻለው መነሻ ይኸው ነው። ሥራውን የሚሠራው ሶፍትዌር ሲካን ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር ለሌሎች የሲካን ቋቶችም ያገለግላል። ጥያቄው ፍለጋውን በኤምሲፒ (የኤአይ ሞዴልን ከውጭ መሣሪያዎች ጋር በሚያገናኘው ደንብ) ወይም በሌላ መንገድ ለኤጀንት፣ ማለትም መሣሪያ እየጠራ ሥራውን በራሱ ለሚሠራ የኤአይ ፕሮግራም፣ መሣሪያ አድርገን ስንሰጠው፣ አብሮት የሚመጣው ማብራሪያ ይበቃዋል ወይ ነው። አይበቃውም። የተጻፈው ለፕሮግራመር ነው፤ ፕሮግራመር ውጤቱን ዓይቶ ይጠራጠራል፣ ኤጀንት ግን ያገኘውን ይዞ መልስ ወደ መስጠት ይሄዳል።

ከፍለጋው ጥሪ፣ ከፓኬጅ ሰርች፣ እንነሳ። ቁጥር ካልተሰጠው 10 ዳታሴት (ፋይሎችን ከነማብራሪያቸው የያዘ መዝገብ) ብቻ ይመልሳል፤ ጠቅላላው ብዛት የሚገኘው ካውንት በሚለው መስክ ነው። ይህ ለኤጀንቱ በሚሰጠው የመሣሪያው መግለጫ ላይ ካልተጻፈ ኤጀንቱ «በጉዳዩ ላይ 10 ዳታሴቶች አሉ» ብሎ ያርፈዋል። ሲካን በአንድ ጥሪ እስከ 1000 መመለስ ቢችልም ይህን ለኤጀንት መፍቀድ ጥፋት ነው። እያንዳንዱ መዝገብ በርካታ መስኮችንና የፋይሎቹን ዝርዝር ሁሉ ይዞ ስለሚመጣ የሞዴሉን ኮንቴክስት (በአንድ ጊዜ ሊይዘው የሚችለውን የጽሑፍ መጠን) ወዲያው ይሞላዋል። በኤጀንቱና በቋቱ መሃል ያለው ኮድ ርዕሱን፣ መለያ ስሙን፣ ድርጅቱን፣ ዳታው የሚሸፍነውን ጊዜ፣ ፈቃዱንና የፋይሎቹን ዓይነት ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ይቁረጥ። ዝርዝሩ ሲያስፈልግ በመለያ ስሙ ፓኬጅ ሾው መጥራት ይቻላል።

ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው በፍለጋ ቃሉ ነው። ኤጀንት ሙሉ ዓረፍተ ነገር መላክ ይወዳል። የሲካን ነባሪ ደንብ ግን ሁለት ቃል ከተላከ ሁለቱም እንዲገኙ፣ ከሦስት እስከ አምስት ከሆነ ከአንዱ በቀር ሁሉም፣ ከዚያ ከበለጠ 80 በመቶው እንዲገኙ ይጠይቃል። ስለዚህ አሥር ቃል የላከ ኤጀንት ስምንቱ የተገጣጠሙበትን መዝገብ እየፈለገ ነው፤ ባዶ እጁን ቢመለስ አይገርምም። መግለጫው «ከሁለት እስከ ሦስት ቁልፍ ቃል ላክ፤ አገሩን በቃል ሳይሆን በማጣሪያው ስጥ» ይበል። በኤችዲኤክስ አገር ግሩፕስ በሚባለው መስክ በሦስት ፊደል ኮድ ይቀመጣል፤ የኢትዮጵያው ኢቲኤች ነው። በፍለጋ ቃሉ ውስጥ የእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ እንዳይገባም ይከልክል፤ ሶልር የተባለው የፍለጋ ሞተር ከነጥቦቹ በፊት ያለውን ቃል የመስክ ስም አድርጎ ሊያነበው ይችላል።

ተጠቃሚው በአማርኛ ቢጠይቅስ? የመዝገቦቹ መግለጫ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ስለሆነ «የጤፍ ዋጋ» ብሎ መፈለግ የትም አያደርስም፤ ኤጀንቱ ቃሉን ተርጉሞ እንዲልክ በግልጽ ይታዘዝ። ዓመቱንም እንዲሁ። «የ2016 ዋጋ» ያለው ሰው ዓ.ም. ማለቱ ከሆነ ጊዜው ከመስከረም 2023 እስከ መስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ነው። ይህን ያልተነገረው ኤጀንት የ2016 እ.ኤ.አ. ዋጋ አምጥቶ በሙሉ ልብ ያቀርባል።

ቀኖቹ ራሳቸው ሌላ ወጥመድ ናቸው። ዳታው የሚሸፍነው ጊዜ፣ ፋይሉ የታደሰበት ቀንና መዝገቡ የተነካበት ቀን የተለያዩ መስኮች ናቸው። አንድ ሰው ትናንት የርዕሱን ፊደል ቢያርም መዝገቡ «አዲስ» ይመስላል፣ ውስጡ ግን ከአምስት ዓመት በፊት የተሰበሰበ ዳታ ሊሆን ይችላል። የእድሳት ድግግሞሹም በቁጥር ነው የሚመጣው፦ 7 በየሳምንቱ፣ 30 በየወሩ፣ 365 በየዓመቱ፣ ‑1 ከእንግዲህ አይታደስም፣ ‑2 እንዳስፈላጊነቱ። ትርጉማቸውን መግለጫው ውስጥ መጻፍ አንድ መስመር ነው፤ ካልተጻፈ ግን ሞዴሉ ይገምታል።

ፋይሉ ከተገኘ በኋላ ያለውን ደግሞ የፍለጋው ማብራሪያ ጨርሶ አያነሳውም። የዓለም ምግብ ፕሮግራምን የኢትዮጵያ የምግብ ዋጋ ፋይል እንውሰድ። በዚህ ቋት አንዳንድ ፋይሎች ከአምዶቹ ስም ቀጥሎ በሁለተኛው ረድፍ የኤችኤክስኤል ሃሽታግ (የአምዱን ይዘት የሚጠቁም መለያ) ይይዛሉ፤ ያ ረድፍ ካልተዘለለ የዋጋው አምድ እንደ ጽሑፍ ይነበብና ስሌቱ ይቆማል። ይህ እንኳ ስህተቱ ስለሚታይ ቀላል ነው። የከፋው የማይታየው ነው፦ የጅምላ ዋጋ በ100 ኪሎ ማለትም በኩንታል፣ የችርቻሮው በኪሎ ሲመዘገብ፣ የመለኪያና የዋጋ ዓይነት አምዶቹን ያላየ ኤጀንት ሁለቱን ደባልቆ አማካይ ያወጣል። ቁጥሩ ቁጥር ይመስላል፣ ትርጉም ግን የለውም።

የወሰን ፋይሎችም ጥንቃቄ ይሻሉ። ሲዳማ በ2020፣ ደቡብ ምዕራብ በ2021፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ በ2023 እ.ኤ.አ. ክልል ሆነዋል። የቆየ ዳታ ከአዲስ ወሰን ጋር በስም ሲገጣጠም የቀድሞው ደቡብ ክልል ረድፎች ድምፅ ሳያሰሙ ይወድቃሉ። ኤጀንቱ በስም ሳይሆን በፒኮድ (ለእያንዳንዱ የአስተዳደር አካባቢ በተሰጠው መለያ ኮድ) እንዲያገናኝ፣ ያልተገጣጠሙትንም ረድፎች ቆጥሮ እንዲናገር መጠየቅ አለበት።

አንዳንድ መዝገቦች መግለጫ ብቻ ናቸው፤ ፋይሉ የሚገኘው ባለቤቱን ጠይቆ ነው። ያኔ ትክክለኛው መልስ «ዳታው አለ፣ በጥያቄ ይሰጣል» ነው እንጂ «አልተገኘም» አይደለም። የተሳካ ፍለጋ ባዶ መሆኑና ጥሪው ራሱ መክሸፉም ለየብቻ ይነገሩት፤ ሲካን ለዚህ ሰክሰስ የሚል መስክ አለው፣ መሃል ያለው ኮድ ግን ብዙ ጊዜ ይውጠዋል። በመዝገቡ መግለጫ ውስጥ የተጻፈ ማንኛውም «ይህን አድርግ» የሚል ቃል እንደ ዳታ እንጂ እንደ ትእዛዝ እንዳይቆጠርም ይጻፍ፤ ጽሑፉን የሚያስገቡት ብዙ ድርጅቶች ናቸው።

እንግዲህ ፍርዳችን፦ የፍለጋው ሞተር ሥራውን ያውቃል፣ መዝገቦቹም ምንጭና ዘዴን በወጉ ስለሚይዙ ከብዙ የመንግሥት ቋቶች የተሻሉ ናቸው። የራስዎን መግለጫ ለመጻፍ ግማሽ ቀን መመደብ ካልቻሉ ግን ለኤጀንት አይስጡት። ከጻፉ በኋላ በሦስት ጥያቄ ይፈትኑት፦ ከ10 በላይ ውጤት ያለው አንድ፣ በአማርኛ በዓ.ም. የቀረበ አንድ፣ ምንም ውጤት እንደሌለው የሚያውቁት አንድ። ሦስተኛው ላይ ዳታሴት «ካገኘ» መግለጫው ገና አላለቀም።