ስድስት ነጭ ወረቀት አስይዛ ኮሚክ ያስተማረችኝ እታለም

ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ላላችሁ ሥዕል የምትሞክሩ ተማሪዎች ነው የምጽፈው። ኮሚክ (በተከታታይ ሥዕል የሚተረክ ታሪክ) ሠርታችሁ የት እንደምታሳትሙ፣ እንዴት እንደምትሸጡ ግራ ከገባችሁ አንዲት ሴት ልጠቁማችሁ። እኔን ከወደቅኩበት ያነሳችኝ እሷ ናት።

የመጀመሪያ ኮሚኬን ያሳተምኩት አምና ነው። እንጅባራ ያደገች አንዲት ልጅ ጥር 23 በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ከወንዶቹ እኩል መጋለብ ትፈልጋለች፤ ታሪኩ ይሄ ነው። አራት ወር ሙሉ በስልኬ ሣልኩት። ካጠራቀምኳት ብር ላይ አውጥቼ 60 ቅጂ አሳተምኩ። ካርቶኑን ስከፍተው ሆዴን ባር ባር አለው። ሰማያዊው ሰማዬ አመድ መስሏል። ዳር ላይ ያሉት ንግግሮች ከነቃላቸው ተቆርጠዋል። ታሪኬ 22 ገጽ ነበር፤ ሳይነግሩኝ ሁለት ባዶ ገጽ ጨምረው 24 አድርገውታል። አንደኛዋ ባዶ ገጽ የወደቀችው ፈረሱ ቦዩን ሊዘል በተነሳበትና ማዶ ባረፈበት መሃል ነው። ብሬን የመለሰልኝ የለም። ከአንዷ በቀር ሁሉንም አልጋ ሥር ከተትኳቸው። ለሁለት ወር እርሳስ አላነሳሁም።

እታለምን ያገኘኋት ጓደኛዬ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስጠርዝ ስትሄድ አብሬያት ሄጄ ነው። ስሟ እንዲወጣ ስላልፈለገች እኛ በምንጠራት ልጥራት። የሠርግ መጥሪያ፣ ባነርና ደረሰኝ የሚታተምበት ትንሽ ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው። ሠዓሊ አይደለችም። ወረቀት ግን ታውቃለች። ቦርሳዬ ውስጥ የቀረችውን አንድ ቅጂ አገላብጣ አየችና "ይሄን ማን ሣለው?" አለች። እኔ ነኝ ስላት ወንበር ሳበችልኝ።

መጀመሪያ የሰጠችኝ ስድስት ነጭ ወረቀት ነው። "እጠፊያቸው። አንዱን በሌላው ውስጥ ክተቺ። አሁን የገጽ ቁጥር ጻፊበት።" ጻፍኩ፤ 24 ላይ አለቀ። አንድ ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ አራት ገጽ ይወጣዋል። ስለዚህ መሃሉ ላይ በስፒል የሚመታ መጽሔት ገጹ ለአራት መካፈል አለበት። 22 አይካፈልም። የነዚያ ባዶ ገጾች ምክንያት ያን ቀን ገባኝ።

ከዚያ በዚያች የወረቀት ደብተር ላይ ታሪኩን እንደገና በጭረት ብቻ አስነደፈችኝ። ደንበኛ ሲመጣ ታስተናግዳለች፣ ተመልሳ ታያለች። "ፈረሱ የሚዘለው የት ላይ ነው?" አለችኝ። 15 ላይ አልኳት። "15 በቀኝ በኩል ነው የሚውለው። ሰው 14ን እያነበበ ዓይኑ 15ን ይሰርቃል። ዝላዩን 16 ላይ አውርጂው፤ ገልጦ ይደንግጥ።" አንድ ገጽ በማንሸራተት ብቻ ታሪኩ ነፍስ ዘራ። እስካሁን አንባቢዎቼ የሚያነሱልኝ ያንን ገጽ ነው።

ግድግዳዋ ላይ የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰለሞን ታሪክ የተሣለበት ጨርቅ ተሰቅሏል። 44 ሳጥን አለው፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይነበባል። "እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ይሄን ግን ከዳር እስከ ዳር ትተርክልሻለች" አለችኝ። ቀጥላ የኔን ንግግሮች በሙሉ በቁራጭ ወረቀት ሸፈነችና ሻይ ለሚያመላልሰው ልጅ ሰጠችው። ልጁ እስከ 9ኛው ገጽ አሳምሮ ተረከ። 10 ላይ "ይሄ ሰውዬ ደግሞ ማነው?" አለ። ሰውዬው የልጅቷ አጎት ነው፤ በሥዕሉ ግን ከአባቷ አይለይም። ማታውኑ ቁጭ ብዬ ቀየርኩት። በቀድሞው የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ደጋጎቹ ሁለት ዓይናቸው እየታየ፣ ክፉዎቹ ደግሞ በጎን በአንድ ዓይን ነው የሚሣሉት። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሄዳችሁ ግድግዳውን ብታዩ ይገባችኋል። እኔም ከአባቷ እንዲለይ አጎትየውን በጎን ሣልኩት።

የኮምፒውተሩን ነገር ባጭሩ ልንገራችሁ። ለኤ5 (የኤ4 ግማሽ) መጽሔት ስትሥሉ ከመጀመሪያው ገጹን በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ክፈቱ፤ 1748 በ2480 ፒክስል ይሆናል። ሥዕሉ እስከ ወረቀቱ ጫፍ የሚሄድ ከሆነ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ጨምሩ፤ ያ ትርፍ በመቁረጫው ይሄዳል። ቃላችሁን ከጫፍ አርቁ። ስልክ ላይ የሚያበራው ሰማያዊ ወረቀት ላይ ይደበዝዛል፤ ምክንያቱም ስክሪን በብርሃን፣ ማተሚያ በቀለም ነው የሚሠራው። ስለዚህ ሁሉንም ከማሳተማችሁ በፊት አንዲት ገጽ አስወጥታችሁ እዩ። ፊደል ሲያንስ ደግሞ "ቡ" እና "ቢ" አይለዩም። የኛ ቃል ረጅም ነው፤ መጀመሪያ ንግግሩን ጻፉ፣ አረፋውን (ንግግሩ የሚገባበትን ክብ) ከዚያ በኋላ ሣሉበት።

ሽያጩ ላይ ነው በጣም የረዳችኝ። "60 ለምን? 30 አሳትሚ፤ ሲያልቅ ትደግሚያለሽ" አለችኝ። ሽፋኑን በቀለም፣ ውስጡን ጥቁርና ነጭ አደረግነው። ዋጋ ሳወጣ የወረቀትና የማተሚያውን ብቻ ነበር የደመርኩት። የባጃጁን፣ ለባለሱቁ የሚተርፈውን፣ በነፃ የምሰጣቸውን ቅጂዎች እሷ አስደመረችኝ። ሁለት ፎቶ ኮፒ ቤትና አንድ ጁስ ቤት ተሸጦ በሚከፈል አስቀመጥን። ለየአንዳንዱ ስንት እንደሰጠሁ በቀን ጽፌ የማስፈርምበት ደብተር አለኝ፤ ደብተሩን ራሷ ናት የገዛችልኝ። ቴሌግራም ላይ እስከ 15ኛው ገጽ በነፃ ለቀቅኩ። በፎቶ ሲላክ ጥራቱ ስለሚወርድ በፋይል ነው የላክሁት። ፈረሱ ሊዘል ሲል አቆምኩ፤ ቀጣዩን የፈለገ በቴሌብር ከፍሎ መጽሔቱን ይወስዳል። 30ው በ11 ቀን አለቀ። ቀጥሎ 50 አሳተምን።

ውስጠኛው ገጽ ላይ ስሜን፣ ዓመቱንና መብቱ የተጠበቀ መሆኑንም አስጻፈችኝ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራው ሲፈጠር ጀምሮ መብቱ የሠሪው ነው፤ ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። ይሄን ሳላውቅ ሥዕሌን ለስንቱ በትኜ ነበር።

ለዚህ ሁሉ ምክር አምስት ሳንቲም አልጠየቀችኝም። የተቀበለችኝ የማተሚያውን ብቻ ነው፤ ደረሰኝም ሰጥታኛለች።

መሄድ የምትፈልጉ ምረቃ ሲደርስ አትሂዱባት፤ በጥራዝ ሥራ ትወጠራለች። ጠዋት ይሻላል። ሣይልኝ ብላችሁ አትጠይቋት፤ አትሥልም። ስህተታችሁን ግን ፊት ለፊት ትነግራችኋለች፤ እንዳይከፋችሁ። ቤቱን ላላወቀ በውስጥ መስመር አሳየዋለሁ።

እታለም፣ ይሄን እንደምታነቢው አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ሁለተኛውን ክፍል ጀምሬዋለሁ፤ ወረቀቱን አጥፌ ቁጥሩን ጽፌበታለሁ። ቅዳሜ ይዤው እመጣለሁ።