የሄይቲ የዱባ ሾርባ፣ ጣና ዳር ቁጭ ብሎ

ቅዳሜ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ካሉት ትንንሽ ምግብ ቤቶች አንዷ ጎራ አልኩ። ባለቤቷ ማያሚ፣ ትንሿ ሄይቲ የሚሉት ሰፈር ዓመታት የኖረች የእኛው ልጅ ናት። ሙያውን የቀሰመችው ከጎረቤቶቿ ነው።

መጀመሪያ ሱፕ ጁሙ የሚሉት የዱባ ሾርባ መጣ። ዱባ፣ የበሬ ሥጋ፣ ድንች፣ ካሮት፣ ፓስታ ሳይቀር አለበት። በባርነት ዘመን ጥቁሮቹ ለጌቶቻቸው ያበስሉት ነበር እንጂ መቅመስ አይፈቀድላቸውም ነበር ይባላል። ስለዚህ አገሪቱ ነፃነቷን ካወጀችበት ከ1804 እ.ኤ.አ. ወዲህ በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ማያሚም ይሁኑ ሞንትሪያል በየቤቱ ይበሉታል። ዩኔስኮም በ2021 መዝግቦታል። ቀኑ ግን በእኛ ታኅሣሥ 23፣ ጾመ ነቢያት ላይ ይውላል! «ያኔ ያለ ሥጋ ነው የምሠራው» አለችኝ።

ፒክሊዝ ደግሞ ጥቅል ጎመንና ካሮት ከሚያቃጥል ቃሪያ ጋር በኮምጣጤ ነው። ከተጠበሰ ቆሮሶ ጋር በላሁት፤ ዳጣ የለመደ ምላስ እንኳ ያልበዋል። ግሪዮ እዚያ በአሳማ ሥጋ ይሠራል፣ እዚህ በፍየል ተክታዋለች፤ ትንሽ ደርቆብኛል።

ግድግዳው ላይ የሚካኤል ዣን ፎቶ አለ፤ በልጅነቷ ከሄይቲ ተሰድዳ ከ2005 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. የካናዳ ጠቅላይ ገዥ የነበረችዋ። አስተናጋጁ «ዘፋኝ ናት» አለኝ፣ ሳቅኩ።

አንድ ቅሬታ፦ ምግቡ 50 ደቂቃ ፈጀ። ርቧችሁ አትሂዱ፣ ቀድማችሁ ደውሉ።