ድሬ ላይ የመኪናችሁ ኤሲ አልነፍስ ካለ ጋዝ ከማስሞላታችሁ በፊት እዚህ ልጅ ጋ ሂዱ

ሰላም የድሬ ልጆች፣ ይሄን ልጅ በሰው ፊት ሳላመሰግነው ብቀር ህሊናዬ አይፈቅድልኝምና ትንሽ ረዘም ቢልም አንብቡልኝ።

መኪናዬ የ2008 ኮሮላ ናት። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ኤሲው ቀስ በቀስ እየደከመ መጣና ግንቦት ላይ ጭራሽ የነፋሱን ፍጥነት መጨረሻው 4 ላይ አድርጌው እንኳን ከቀዳዳው እፍ የሚል ነገር ብቻ ነው ሚወጣው። የድሬን ግንቦት ታውቁታላችሁ። እማዬ ግፊት አለባት፣ ለክትትል ሳመላልሳት ከኋላ ቁጭ ብላ ሻሿን በሃይላንድ ውሃ እያራሰች ግንባሯ ላይ ስታደርግ በስፖኪዮ አያታለሁ፣ መስኮት ልክፈትልሽ ስላት ደሞ አቧራው ያስላታል፣ በቃ አንጀቴን ነበር ምትበላኝ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ ገና ሳይነኩት ጋዝ አልቋል አሉኝ፣ 3,500 ብር ከፍዬ ተሞላ፣ ምንም ለውጥ የለም። ሌላ ቦታ ስሄድ ደሞ ኮምፕሬሰሩ (የኤሲውን ጋዝ ሚጨምቀው) ደክሟል ይቀየር ተባልኩ፣ ዋጋውን ስሰማ ዝም ብዬ መኪናዬን አስነስቼ ወጣሁ። መስሪያ ቤት አብራኝ ምትሰራ ልጅ ናት ሳቢያን አካባቢ አንድ የኤሲ ባለሙያ አለ ሳትቀይሪ በፊት እሱ ይየው ያለችኝ፣ እሷንም እግዜር ይስጣት።

ልጁ ካቻቢቴ እንኳን ሳያነሳ መጀመሪያ የጠየቀኝ ጥያቄ "እህቴ፣ የቀነሰው ቅዝቃዜው ነው ወይስ ነፋሱ?" ሚል ነው። እስከዛ ቀን ማንም እንደዛ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም፣ እኔም ለይቼ አስቤው አላውቅም። ከዛ ሶፍት ቀዶ መሃለኛው ቀዳዳ ላይ ያዘው፣ 4 ላይ ሆኖ ሶፍቱ ትንሽ ነቅነቅ ብቻ ነው ያለው። እጅሽን አስጠጊ አለኝ፣ አስጠጋሁ፣ ለካ ሚወጣው ትንሽዬ አየር በደንብ ቀዝቃዛ ነው! "አየሽ ጋዙማ አለ፣ ብርዱ ክሩስኮቱ (ዳሽቦርዱ) ውስጥ ተቀምጧል፣ ገፍቶ ሚያወጣው ነው የጠፋው" አለኝ። ኤሲውን አጥፍቶ ነፋሱን ሚገፋውን ቬንቲሌተር ብቻ ሲተወው ያው ነው፣ ደካማ። ኤሲው ጠፍቶም ነፋሱ እንዲህ ከሆነ ጋዝም ኮምፕሬሰርም ነገሩ ውስጥ የሉበትም ማለት ነው።

ቀጥሎ ከ1 እስከ 4 እየቀያየረ ድምፁን አዳመጠ። የነፋሱን ፍጥነት ሚቀያይረው ሬዚስተር ቢቃጠል ኖሮ ብዙ ጊዜ ሌላው ፍጥነት ጠፍቶ የመጨረሻው ብቻ ነው ሚሰራው፣ የኔ ግን ድምፁ ይጨምራል ነፋሱ አይጨምርም፣ ስለዚ የቬንቲሌተሩ ሞተር እየዞረ ነው፣ የሆነ ቦታ ግን መንገዱ ተዘግቷል። ደሞ ሌላ ጠየቀኝ፣ ረጅም መንገድ ስትሄጂ መጀመሪያ ጥሩ ይነፍስና ቆይቶ ነው ሚደክመው ወይ ብሎ። እንደዛ ከሆነ ውስጥ ያለው አየሩን ሚያቀዘቅዘው ኢቫፖሬተር በረዶ እየሰራ ነው፣ ኤሲውን አጥፍቶ 15 ደቂቃ ያህል ሲቆይ ይሟሟና ነፋሱ ይመለሳል አለኝ። የኔ ገና ሳስነሳትም ቆይቶም ያው ስለሆነ እሱም ቀረ።

ከዛ ሊብሬ ማስቀምጥበትን የክሩስኮት ኪስ ሁለቱን ጎን ጫን ጫን አድርጎ አወጣውና ከኋላው የኤሲውን አየር ሚያጣራውን ፊልትሮ ሳበው። እውነት ለመናገር ደነገጥኩ። ነጭ የነበረ ወረቀት የዶሮ ማደሪያ መስሏል፣ አቧራ፣ ደረቅ ቅጠል፣ ፀጉር፣ መሃሉ ደሞ ከክብደቱ ብዛት ጎብጦ ጎኑ ክፍት ሆኗል። ከዚራ ሰፈር ሁሌ ዛፍ ስር ስለማቆም ቅጠሉ ከመስታወቱ ስር ባለው ቀዳዳ ነው ሚገባው። መኪናዋን ከገዛሁ ሶስት አመት ሆኖኛል፣ እንደዚ አይነት ፊልትሮ እንዳላትም አላውቅም ነበር።

ያለ ፊልትሮ አስነስቶ ሲያየው ነፋሱ ጨመረ፣ እኔ በቃ ተፈታ ብዬ ደስ ብሎኛል፣ እሱ ግን "አይ፣ ገና ነው፣ ጎኑ ክፍት ስለነበር ወደ ታች ያለፈ አለ" አለ። ከኪሱ ስር ገብቶ ሶስት ቪቴ ፈታና ቬንቲሌተሩን አወረደው። ክብ ሆኖ ብዙ ቀጫጭን ምላስ ያለው ነገር ነው፣ በየምላሱ መሃል አቧራ እንደ ጭቃ ተጋግሮበታል፣ በምን አቅሙ አየር ይግፋ? በቀለም ብሩሽ አንድ በአንድ ጠረገው፣ በአየር መንፊያ ኮምፕረሰር ነፋው፣ በባትሪ እያበራ ኢቫፖሬተሩንም በተገኘው ቀዳዳ አፀዳው፣ ውሃ ሚወርድበትን ጎማ ሳይቀር መኪናው ስር ተኝቶ አየልኝ።

አዲሱን ፊልትሮ ራሴ ነኝ የገዛሁት፣ ላዩ ላይ ያለው ቀስት ነፋሱ ሚሄድበትን አቅጣጫ እንደሚያሳይ አሳይቶኝ አስገባው። ለእጁ 600 ብር ብቻ አለኝ፣ ጨምሬ ብሰጠው እምቢ አለ። በድሬ አቧራ በየ5 ሺ ኪሎሜትሩ አውጥተሽ እዪው፣ አራግፊው እንጂ በውሃ እንዳታጥቢው፣ ወረቀት ነው ይበላሻል አለኝ።

በነጋታው እማዬን ይዤ ስወጣ 2 ላይ ነው ያደረኩት፣ ገና ድልድዩን ሳንሻገር "አቦ ቀንሺው ልጄ፣ ጉልበቴን በረደኝ" አለችኝ። የእናቴን ምርቃት በሙሉ ለሱ አስተላልፌያለሁ።

ልጁ ማስታወቂያ ሚባል ነገር የለውም፣ ያለው አንድ ቆርቆሮ ቤትና ሁለት ረዳት ነው። ሳላስፈቅደው ስልኩን እዚህ አልፅፍም፣ ምትፈልጉ በውስጥ ፃፉልኝ፣ እሱን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ጠዋት ሂዱ፣ ከ6 ሰአት እስከ 9 ሰአት ዘግቶ ነው ሚያርፈው፣ አርብ ደሞ ከሰአት የለም።