ግቢያችሁን ሲለር እንቀባ ለሚሏችሁ ቀብድ አትስጡ

ለገጣፎ፣ ሱሉልታና ቡራዩ አካባቢ ግቢያችሁን የሲሚንቶ ታይል ያነጠፋችሁ ሰዎች ይቺን አንብቡልኝ። በተለይ ዘንድሮ ያነጠፋችሁ።

ነሐሴ መገባደጃ ላይ በር እያንኳኩ የሚዞሩ ልጆች አሉ። ፒካፕ ይዘዋል፣ ቱታ ለብሰዋል፣ አፋቸው ጤፍ ይቆላል። ሪል እስቴት ሰርተን ሲለር (ታይሉ ውሃና ቆሻሻ እንዳይመጥ የሚቀባ ነገር) ተርፎናል ይላሉ። ዛሬውኑ ከሆነ በግማሽ ዋጋ፣ ለእንቁጣጣሽ ግቢው ያብረቀርቃል። ለገጣፎ የምትኖረውን አክስቴን ደግሞ "ማዘር፣ ይሄ ነጭ ነጩ ታይሉን እየበላው እኮ ነው፣ ካልተቀባ ዓመት አይቆይም" ብለው አስደነገጧት። ግማሹን በቀብድ፣ ግማሹን ሲጨርሱ ተቀበሉ። ከምሳ በኋላ ገብተው ሳይመሽ ወጡ።

እውነትም አብረቀረቀ። ገንዘቡም የተከፈለው ሲያብረቀርቅ ነው። መስቀል ሳይደርስ ግን ግቢው ወተት የተደፋበት መሰለ። መኪና የሚቆምበት ጋ መላጥ ጀመረ። ስልካቸው አይሰራም።

የሚያናድደው፣ ውሸታቸው ገና በር ላይ ሳሉ የሚታወቅ መሆኑ ነው።

ነጩን ነገር እንይ። ከራሱ ከሲሚንቶው የሚወጣ ኖራ ነው። ታይሉ ውስጥ የገባ ውሃ ኖራውን አሟሙቶ ወደ ላይ ይዞት ይወጣል። ውሃው ሲተን ኖራው አየር ላይ ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋህዶ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። አዲስ ታይል ላይ የተለመደ ነው፤ ሲያስጠላ እንጂ ሲበላ አላየንም። አብዛኛውን ጊዜ በዝናብና በብሩሽ እያደር ይለቃል። ሲለር ከላዩ ከተቀባበት ግን ታሽጎ ይቀራል። ያኔ ብሩሽም አያገኘው።

ዋናው ተንኮል ያለው ወቅቱ ላይ ነው። አክሪሊክ የሚባለው ሲለር የሚያብረቀርቀው ታይሉ ላይ ስስ ሽፋን ሰርቶ ነው። ከስር ያለ እርጥበት መውጫ ሲያጣ ሽፋኑን ያነጣዋል፣ ከዚያ ያስነሳዋል። የኛ አካባቢ መሬት ደግሞ ብዙው ዋልካ ነው። ክረምቱን ሙሉ የጠጣውን ውሃ በአንድ ቀን ፀሐይ አይለቅም። ታይሉ ላይ ላዩን ደርቆ፣ ስሩ ርሶ ይከርማል። በዚያ ላይ አዲስ ታይል ሲሚንቶው እስኪጠነክር ቢያንስ 28 ቀን ይጠበቃል፤ ነጩ መውጣቱን ካላቆመም ከዚያ በላይ። ከመቀባቱ በፊትም በኋላም 24 ሰዓት ያህል ዝናብ የማይነካው ቀን ይፈልጋል። ነሐሴ ላይ ይሄ ከየት ይመጣል? ስራውን የሚያውቅ ሰው በዚያ ወር ልቀባ ብሎ በር አያንኳኳም። ዝናቡ ቆመ ብላችሁም ነገ አታስጀምሩ፤ መሬቱ ገና ነው።

ሂሳቡም አይመጣም። አንድ ሊትር ሲለር፣ እንደ ታይሉ መጣጭነት፣ ከ2 እስከ 5 ካሬ ቢሸፍን ነው። በደህናው እናስላው ብንል እንኳ 100 ካሬ ግቢ ለአንድ እጅ ብቻ 20 ሊትር ይበላል። የአክስቴ ግቢ ከ100 ካሬ በላይ ነው፣ ውሉም ሁለት እጅ ነበር። ልጆቹ ይዘው የመጡት አንድ ባለ 20 ሊትር ቢጫ የዘይት ጀሪካን! ሌላው ቲነር ይመስለኛል፤ ሽታው ጎረቤት ድረስ ሄዷል።

ጀሪካኑ ላይ ምንም አልተጻፈም። ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አሁን ያሰረን እሱ ነው። ምን እንደተቀባ ካልታወቀ በምን እንደሚነሳም አይታወቅም። በማሟሟያ የሚሰራ አክሪሊክ ከሆነ ዛይሊን በሚባል ኬሚካል መልሶ አለስልሶ እርጥበቱን ማስወጣት ይቻላል። ቫርኒሽ ከሆነ ሌላ ጣጣ ነው። ዛይሊን ደግሞ በቀላሉ እሳት የሚይዝ፣ ትነቱ ራስ የሚያዞር ነገር ስለሆነ በግምት የሚሞከር አይደለም። "አሲድ ድፉበት" የሚል መካሪም ሞልቷል። እባካችሁ! አሲድ የሚበላው ሲሚንቶውን ነው፤ ሽፋኑ እዚያው ይቀራል።

"ውሃ አፍስሰው ይፈትኑት፣ ይኸው ይንከባለላል" ብለዋትም ነበር። የተቃጠለ ዘይት ብትቀቡትም በመጀመሪያው ቀን ውሃ ይንከባለላል።

በነገራችን ላይ ግቢ የግድ ሲለር አይፈልግም። ኮብልስቶን ያነጠፋችሁ ጭራሽ አትድከሙ፤ ጥቁር ድንጋይ ውሃ ብዙም አይመጥም። ታይል ሆኖ መኪና ዘይት የሚያንጠባጥብበት ቦታ ካላችሁ ያዋጣል። ያኔም እኔ የምመርጠው ወደ ውስጥ የሚሰርገውን፣ ሳይሌን ወይም ሳይሎክሴን የሚል የተጻፈበትን ነው። አያብረቀርቅም፣ ለዚህ ነው በር ለበር የማይሸጠው። ግን እርጥበት ያስወጣል፣ ዝናብ ሲዘንብም እንደ ሽፋኑ አያንሸራትትም።

አክስቴ ደረሰኝ የላትም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት እቃ ወይም አገልግሎት ያገኘ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲስተካከልለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ማንን ትጠይቅ? የፒካፑን ታርጋ እንኳ ያየ የለም።

እናንተ በር ላይ ከመጡባችሁ፣ ፋብሪካው ያሸገው ባልዲ ከነጽሁፉ ፊታችሁ ይከፈት። ጥግ ላይ አንድ ካሬ ቀብተው ለሳምንት ይተዉት። ቀብድ አይኖርም በሏቸው። ቸኩለናል ካሉ ይሂዱ።

እኛ ኅዳር እስኪገባ መሬቱ ይድረቅ ብለን ትተነዋል። እዚያ አካባቢ እንዲህ ያለ ሽፋን ያነሳ፣ ስራውን በአይናችሁ ያያችሁት ባለሙያ ካለ ጠቁሙን።