ከሮክ ወደ አይስ ልትገቡ ነው? ቡት፣ ክራምፖን፣ አክስ፣ ስክሩ፦ የቱ ከየቱ ይሻላል

ሮክ (ድንጋይ መውጣት) ላይ ቆይቶ አይስ ክላይምቢንግ (የበረዶ ግድግዳ መውጣት) ያማረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "የቱን አክስ ልግዛ?" ብሎ ነው። አይፈረድበትም፣ ፎቶ ላይ ጎልቶ የሚታየው አክሱ፣ በእጅ ይዘን አይሱን የምንመታበት መሣሪያ፣ ነዋ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን አክስ መጨረሻ ነው የሚገዛው፣ ቡት መጀመሪያ። አክስ ከጓደኛ መዋስ ወይም መከራየት ይቻላል፣ ትንሽ ባይመች እንኳን ቀኑን ትጨርሱበታላችሁ፣ ልክ ያልሆነ ቡት ግን ጠዋት ላይ ነው ቀናችሁን የሚያበላሸው፣ ደግሞም ክራምፖኑ (ቡቱ ስር የሚታሰረው ባለጥርስ ብረት) የሚመረጠው በቡቱ ነው እንጂ ቡቱ በክራምፖኑ አይደለም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ስፖርት ሮክ (የገመድ መያዣው ድንጋዩ ላይ ቀድሞ የተተከለበት) ላይ መውደቅ የጨዋታው አካል ነው፣ ወድቆ፣ ስቆ፣ ገመዱ ላይ አረፍ ብሎ መቀጠል ነው። አይስ ላይ ሊድ እያደረጉ (ገመዱን ከታች ይዘው ቀድመው እየወጡ) መውደቅ ግን ሌላ ታሪክ ነው፣ እግር ላይ ያለው ክራምፖን አይሱን ይነክስና ቁርጭምጭሚት ይሰብራል፣ እጅ ላይ ደግሞ ሁለት ስለት አለ። ስለዚህ እዚህ እቃ የማወዳድረው "ምን ያህል ከባድ መስመር ያስወጣኛል" በሚል ሳይሆን "ተረጋግቼ እንድቆም ያግዘኛል ወይ" በሚል ነው። የመጀመሪያውን ሰሞን ቶፕ ሮፕ (ገመዱ ከላይ ታስሮ መውጣት) ላይ አሳልፉት፣ ለኪሳችሁም ጥሩ ነው፣ ስክሩ (አይስ ውስጥ የሚጠመዘዝ የገመድ መያዣ ቱቦ) መግዛት አይጠበቅባችሁማ።

ቡት

ሦስት ዓይነት አለ በሉት። ተረከዙ ላይ ብቻ የክራምፖን መያዣ ጠርዝ ያለው ከፊል ጠንካራ፣ ከፊትም ከኋላም ጠርዝ ያለው ሶሉ የማይታጠፍ ነጠላ ቡት፣ እና ውስጡ ሌላ ቡት ያለው ደብል። የመጀመሪያው ለእግር ጉዞ ይመቻል፣ ቀለል ያለ አይስም ያስወጣል፣ ቀጥ ያለ ግድግዳ ላይ በጫፉ ስትቆሙ ግን ሶሉ ትንሽ ትንሽ ስለሚታጠፍ ባት ያቃጥላል። ደብሉ፣ እንደ ላ ስፖርቲቫ ጂ2 ያለው፣ ተራራ ላይ ለሚያድር ሰው ነው፣ ማታ ውስጡን አውጥቶ ማድረቅ ይቻላል። በጣም ቀዝቃዛ ቦታ ካልሆናችሁ በቀር ቀዝቅዞ የቆመ ፏፏቴ ወጥቶ ለሚመለስ ጀማሪ ትርፍ ክብደት ነው።

እኔ የምለው መሃለኛውን ነው። ላ ስፖርቲቫ ኔፓል ወይም ስካርፓ ፋንተም ቴክ ሁለቱም እዚህ ይመደባሉ። ኔፓል ቆዳ ነው፣ ከበድ ይላል፣ ብዙ ድብደባ ይችላል። ፋንተም ቴክ ላዩ ላይ በዚፕ የሚዘጋ ጌተር (የቁርጭምጭሚት ሽፋን) አብሮት የተሰራ ነው፣ ቀለል ይላል፣ ስኖው (ለስላሳውን በረዶ) አያስገባም፣ ዚፑ ግን ከተበላሸ ራስ ምታት ነው። በሁለቱ መሃል የሚፈርደው እንግዲህ የእግራችሁ ቅርጽ ነው፣ የሰው ሪቪው አይደለም።

የሮክ ልማድ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው፣ ጫማ አጥብቆ መግዛት ስለለመድን። የአይስ ቡት ሲለካ ጣት መንቀሳቀስ አለበት። የምትወጡበትን ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ፣ ክሩን በደንብ ሳቡና ግድግዳ በጫፉ ደጋግማችሁ ምቱ፣ ጣታችሁ ፊቱን ከነካ ቀኑን ሙሉ አይስ ስትመቱ ጥፍራችሁ ይጠቁራል። ከዛ ደረጃ ጠርዝ ላይ በጫፉ ብቻ ቁሙ። ተረከዛችሁ ውስጡ ብድግ ካለ ቁጥሩን ወይም ሞዴሉን ቀይሩ፣ ምክንያቱም ያ ብድግ ማለት አይስ ላይ የክራምፖኑን ጥርስ የሚነቅል እንቅስቃሴ ነው።

ክራምፖን

ቡታችሁ ከፊትም ከኋላም ጠርዝ ካለው ከፊት የሽቦ መያዣ፣ ከኋላ መቆለፊያ ያለውን ውሰዱ። የኋላ ብቻ ከሆነ ከፊቱ የፕላስቲክ ቅርጫት ያለውን። ማሰሪያ ብቻ ያለው ለቀጥ ያለ አይስ አይሆንም፣ አልሙኒየም የሆነውም አይሆንም፣ እሱ ለስኖው ነው። ስትገዙ ቡቱን ይዛችሁ ሂዱ። ክራምፖኑን አስገቡና መቆለፊያውን ሳትዘጉ ቡቱን አንሱት፣ ወዲያው ተላቆ ከወደቀ ልኩ አልተስተካከለም ወይም ቅርጹ ከቡቱ ጋር አይሄድም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ፣ ይሄ ግን የሚፈታው ግድግዳ መሃል ላይ ነው።

የፊት ጥርሱ ነገር ብዙ ያከራክራል። አግድም ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው (ግሪቬል ጂ12 ዓይነቱ) ስኖው ላይ አሪፍ ነው፣ ለስላሳና ጋደል ያለ አይስም ያስወጣል፣ ጠንካራ ቀጥ ያለ አይስ ላይ ግን እንደ ቋሚ ጥርስ አይገባም። ከቋሚዎቹ ደግሞ ባለሁለት ወይስ ባለአንድ? ሮክ ክላይምበር ወዲያው ወደ ባለአንዱ ነው የሚሳበው፣ ትንሽ ቀዳዳ ላይ በልክ ማስቀመጥ ስለለመደ፣ እውነትም ድንጋይና አይስ በተቀላቀለበት መስመርና ሌላ ሰው የመታው ጉድጓድ ላይ ባለአንዱ ይመቻል። ግን እግሩ ገና ያልረጋ ሰው ባለአንዱ ላይ ሲቆም ግራ ቀኝ ይወዛወዛል፣ ባለሁለት ይሄን ይቀንሳል። ስለዚህ ጥርሱ የሚቀያየረውን፣ ግሪቬል ጂ14 ወይም ፔትዝል ሊንክስን፣ ገዝቶ በሁለት ጥርስ መጀመርና በኋላ አንዱን መፍታት ነው። ፔትዝል ዳርት ከነዚህ ይቀላል፣ ግን ቴክኒካል አይስና ሚክስድ (ድንጋይና አይስ የተቀላቀለበት) ለሚያበዛ ሰው የታሰበ ስለሆነ ለመጀመሪያ ክራምፖን እኔ አልመርጠውም።

እግራችሁ ሲደክም ተረከዝ ከፍ ማለት ይጀምራል፣ ሮክ ላይ ትንሿ ጠርዝ ላይ ስንቆም እንደምናደርገው። አይስ ላይ ተረከዙን ዝቅ ስታደርጉ ከፊቶቹ ኋላ ያሉት ሁለተኛዎቹ ጥርሶችም አይሱን ይነኩና ክብደቱ ይከፋፈላል፣ ይሄን ካላወቃችሁ ውዱም ክራምፖን ይነቀላል።

አክስ

እሺ የምትጠብቁት። ክርክሩ ባብዛኛው ፔትዝል ኳርክ ወይስ ኖሚክ ነው፣ ግሪቬል ኖርዝ ማሽን እና ቴክ ማሽን መሃልም ተመሳሳይ ጥያቄ አለ። ኳርክ ዘንጉ ለዘብ ያለ ጉብጠት ነው ያለው፣ የእጅ ማረፊያው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ስኖው ውስጥ ዘንጉን ሰክቶ መሄድ ይቻላል። ኖሚክ እጀታው ወደ ኋላ ወጣ ብሎ የተቀመጠ ስለሆነ ቀጥ ያለ አይስ ላይ ሲንጠለጠሉበት እጅ ያርፋል፣ ጣትም ከአይሱ ጋር አይላተምም፣ ስኖው ላይ ሲሆን ግን እንደ ኳርክ አይመችም። ፏፏቴ ብቻ ከሆነ ሃሳባችሁ ኖሚክ፣ ተራራም ካሰባችሁ ኳርክ። "ኖሚክ ለጀማሪ አይሆንም" የሚሉ አሉ፣ አልስማማም፣ ጀማሪ ነው አጥብቆ ጨብጦ ክንዱን የሚጨርሰው፣ እጅ የሚያሳርፍ እጀታ ለሱ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው?

ፔትዝል ኤርጎኖሚክ ግን ይቅርባችሁ። ወደ ውጪ ያዘነበለ ድንጋይ ላይ በአክስ ለመንጠልጠል የተሰራ ነው፣ ተራ አይስ ላይ ሲወዛወዝ አመታቱ ይከብዳል። ጋደል ላለ ድንጋይ በጣም ጎባጣ ጫማ እንደመግዛት ነው።

ፒኩ (አይሱን የሚወጋው የአክሱ ጫፍ) ጎባጣ የሆነበት ምክንያት አለው። ድሮ ቀጥ ያለ ነበር፣ ሲጎትቱት ይነቀላል፤ አሜሪካዊው ክላይምበርና እቃ ሠሪ ይቮን ሹናርድ እ.ኤ.አ. በ1966 አልፕስ ላይ የነበሩትን አክሶች ሞክሮ ነው አንድ ፋብሪካ አጠር ያለ ጎባጣ ፒክ ያለው እንዲሰራለት ያሳመነው። ዛሬ ፒክ የሚያልቅ እቃ ነው፣ ይቀየራል፣ ስለዚህ አክስ ስትመርጡ መለዋወጫ ፒኩን በቀላሉ የምታገኙለትን ብራንድ ምረጡ። ለአይስ የተሰራው ቀጠን ይላል፣ ሲመታ አይሱን ብዙ አይሰባብርም፤ ለድራይ ቱሊንግ (ድንጋይ በአክስ መውጣት) የተሰራው ወፍራም ነው፣ ድንጋይ ይችላል። ስትስሉት በእጅ ሞረድ፣ በማሽን ሲሆን ግለቱ ብረቱን ያለሰልሰዋል።

ከቻላችሁ ሳትገዙ ሞክሩ። ኮሎራዶ ያለው የኡሬይ አይስ ፓርክ ጥር ላይ በሚደረገው ፌስቲቫል አምራቾች አክስና ቡት ያስሞክራሉ፣ ኮርስ የሚሰጡ ጋይዶችም ብዙ ጊዜ የተለያየ ሞዴል ይዘው ነው የሚመጡት።

ስክሩ እና ገመድ

ሊድ ስትጀምሩ ብቻ። ብረት ወይስ አልሙኒየም (ጥርሱ ብረት፣ ቱቦው አልሙኒየም የሆነው፣ እንደ ፔትዝል ሌዘር ስፒድ ላይት)? አልሙኒየሙ በጣም ይቀላል፣ ግን ውስጡ የገባው አይስ ይጣበቅና አልወጣም ይላል፣ ፀሐይ ሲያገኘውም ቶሎ ይሞቅና ዙሪያውን ያቀልጣል። ብረት ግዙ፣ ባብዛኛው 13 ሳንቲሜትር፣ ለቢሌይ (ጓደኛን በገመድ ለመያዝ) ጥቂት 16 ወይም 17፣ አይሱን በስቶ ገመድ ለማሳለፍ (አባላኮቭ የሚባለው) አንድ 21 ወይም 22፣ ለቀጭን አይስ አንድ ሁለት ባለ 10።

ሃርነስ (የወገብና የጭን ማሰሪያው) እና ሄልሜት ያላችሁ ይበቃል፣ ሃርነሱ የስክሩ መያዣ ክሊፕ የሚገባበት ቦታ እንዳለው ብቻ እዩ። ገመድ ግን የጂሙን አታምጡ። ውሃ ይጠጣና ይቀዘቅዛል፣ ሽቦ ይሆናል። ድራይ (ውሃ እንዳይጠጡ የታከሙ) ከሚባሉት ውስጥ የዩአይኤኤ (የዓለም አቀፉ የክላይምቢንግ ፌዴሬሽን) የውሃ መስፈርት ያለፈውን ፈልጉ፣ ከክብደቱ 5 በመቶ በላይ ውሃ አይጠጣም ማለት ነው፣ "ድራይ" ብሎ መጻፍ ብቻውን ግን ሽፋኑ ላይ ብቻ የተቀባ ሊሆን ይችላል። ቶፕ ሮፕ ለምትወጡ አንድ ሲንግል (ብቻውን የሚያገለግል ገመድ) ይበቃል፣ ረጅም መስመር ላይ ከወጣችሁ ሃፍ ሮፕ (በጥንድ የሚያገለግል ቀጠን ያለ ገመድ) ይሻላል፣ አንዱ በስለት ቢነካ ሌላው አለ፣ ሲወርዱም ሙሉ ርዝመቱን ይጠቀማሉ። በረዶ የያዘ ገመድ ግሪግሪ (ገመዱን በራሱ የሚይዝ የቢሌይ መሣሪያ) ውስጥ ሊንሸራተት ስለሚችል ቱቦ ዓይነቱን ቢሌይ ያዙ።

ሁለተኛ እጅ ከሆነ አክስ እገዛለሁ፣ ዘንጉ ካልተሰነጠቀና ፒኩ ከተቀየረ ችግር የለውም። ክራምፖንም እንዲሁ፣ የፊት ጥርሱ በመሳል ብዛት ካላጠረ። ታሪኩን የማላውቀው ገመድ ግን በነፃም አልወስድም።