ጉንፋን አልለቅ ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ይቺን ሲስተር አግኟት

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሁፉ ረዘም ይላል፣ ቻሉኝ። ስምንት ዓመት የተሸከምኩት ነገር ነው።

የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ክፍሌ ውስጥ 54 ልጆች አሉ። ትምህርት ሲከፈት አንዱ ያስነጥሳል፣ በሳምንቱ ግማሹ ክፍል አፍንጫውን በእጅጌው ይጠርጋል። እነሱ በጥቂት ቀን ድነው ኳስ ሜዳ ናቸው። እኔ ግን ከእነሱ የተቀበልኩትን ጉንፋን ወር እከርምበታለሁ፤ እሱ ሳይለቀኝ ሌላው ይደረብብኛል። ጎንበስ ስል ግንባሬና ከዓይኔ ሥር ያለው አጥንት ሊፈነዳ ይደርሳል። ሽታማ ረስቼዋለሁ። አንድ ቀን እኔ ምድጃው አጠገብ ቆሜ ሽሮው አርሮ፣ ልጄ ነው ከደጅ እየሮጠ መጥቶ ያወረደው።

ሰው ደግሞ ዝም አይልም። "ይቺ ሴትዮ ምን ይዟት ነው?" እየተባለ በመምህራን ማረፊያ ሲንሾካሾኩ ሰምቻለሁ። በኮሮና ጊዜ ታክሲ ውስጥ ካስነጠስኩ ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ወርዶ ይሄድ ነበር። ይቅር ብያለሁ፤ አልረሳሁትም እንጂ።

የዞርኩባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም። አንዱ ጋ ሐኪሙ ቀና ብሎ ሳያየኝ አሞክሳሲሊን ጻፈ። በወሩ ስመለስ "እንግዲያው ጠንከር ያለ" ብሎ ሌላ ጻፈ። ሌላው ጋ ምን እንዳመመኝ ተናግሬ ሳልጨርስ ራጅ ተነሺ ተባልኩ፤ ራጁን ማን እንዳየው እስከ ዛሬ አላውቅም። አንድ መድኃኒት ቤት ደግሞ "ይቺ ወዲያው ትከፍትሻለች" ብለው ትንሽዬ የአፍንጫ ጠብታ ሸጡልኝ። እውነትም ከፈተችኝ! ለስንት ቀን እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም። ዳማከሴው፣ ነጭ ሽንኩርት በማሩ፣ የባሕር ዛፍ እንፋሎቱም አልቀረም። (በእናቴ ዳማከሴ ክፉ አልናገርም፣ ቢያንስ እንቅልፍ ይሰጠኝ ነበር።)

የጣለኝ ኅዳር 12 ነው። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አውጥቶ ሲያጥን እናውቃለን፤ በ1911 ዓ.ም. ሰው ከፈጀው ከዚያ ከኅዳር በሽታ የቀረ ልማድ ነው። ያኔ ጭሱ በሽታውን ያባርራል ተብሎ ነበር፣ እኔን ግን ጭሱ ራሱ አልጋ ላይ አዋለኝ። በማግስቱ ታናሽ እህቴ እጄን ይዛ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል አንገት በላይ ክፍል ወሰደችኝ።

ሐኪሙ በቀጭን ካሜራ አፍንጫዬን አየና ሥር የሰደደ ሳይነስ ነው አለኝ። ከ12 ሳምንት በላይ ሲቆይ እንደዚያ ይባላል። እግዚአብሔር ይስጠው፣ በደንብ ነው ያየኝ። ከኋላው ግን ሰልፉ ኮሪደሩን ሞልቶታል፤ ሌላ ያለኝን ብዙም አልያዝኩትም። "የቀረውን ሲስተር ታስረዳሻለች" ብሎ ላከኝ።

ሲስተሯ ልጄ ልትሆን ትችላለች። መጀመሪያ ያለችኝ፣ "ቲቸር፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ያሳዩኝ።" ቦርሳዬን ዘረገፍኩት። ከኪኒን ልጣጩና ከጠመኔ ስብርባሪው መሃል ያቺን ጠብታ በሁለት ጣቷ አነሳቻት።

"ይቺን ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ስምንት ወር" አልኳት።

አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ወንበሯን ወደ እኔ ሳበችና "ቲቸር፣ እንዲህ ዓይነቷ ጠብታ የጥቂት ቀን ናት። ሲቆይ እሷው ራሷ ነች የምትዘጋዎት" አለችኝ። እንባዬ መጣ። ስምንት ዓመት ሙሉ ቁጭ ብሎ ያናገረኝ ሰው አልነበረም።

ጉንፋን ለምን እንደሚከርምብኝ ጠየቅኳት። "ሌሊት አስፋልት የሚጠርጉትን እናቶች ያውቋቸዋል?" አለችኝ። አፍንጫችን ውስጥም እንደዚያ ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ጸጉሮች አሉ አሉ፤ አቧራውንም ቫይረሱንም ከንፍጡ ጋር ወደ ጉሮሮ ይጠርጋሉ። ሳይነስ ሲሰነብት ጠራጊዎቹ ይደክማሉ፣ የአፍንጫው ሽፋን ይጎዳል፣ ንፍጡ ይተኛል። "ጉንፋኑ ከልጆቹ ነው የመጣው። እርስዎ ጋ ሲደርስ ግን የሚጠርገው ያጣል። እሱም በተራው ሳይነሱን ይቀሰቅሰዋል።" ከዚያ ስለ መከላከያ አቅም ብዙ አለች፤ እሱ አልገባኝም፣ እንደገባኝ ሆኜ ራሴን ነቀነቅኩ። አብዛኛው ጉንፋን ቫይረስ ስለሆነ አንቲባዮቲክ እንደማይነካው ግን ገብቶኛል። ያ ሁሉ አሞክሳሲሊን!

ከዚያ ማጠቢያው ገንዳ ጋ አቆመችኝና በጨው ውሃ አፍንጫ ማጠብ አስተማረችኝ። አንገቴን በእጇ ዘንበል አድርጋ፣ "አፍዎን ከፍተው ይተንፍሱ፣ አይፍሩ።" ሁለቴ ታነቅኩ፣ ጋዋኗንም አበላሸሁባት። ለሦስተኛ ጊዜ ውሃው በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ አጨበጨበችልኝ፤ እኔ ለልጆቼ እንደማጨበጭበው። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ብቻ ይሁን፣ ከቧንቧ ቀጥታ በፍጹም፣ አደገኛ ተሕዋስ ሊኖር ይችላል ብላ ሦስቴ አስደገመችኝ። የጨውን ልክ ከእሷው ውሰዱ። ሐኪሙ ያዘዘውን ስፕሬይም በቀኝ እጅ ግራውን፣ በግራ እጅ ቀኙን አፍንጫ፣ ወደ መሃሉ አጥንት ሳይሆን ወደ ውጭ አዙሮ መንፋት ነው አለችኝ። በሳምንት ለውጥ ካላየሁ እንዳልተወው፣ ጊዜ እንደሚፈልግ አስጠነቀቀችኝ። ይሄን ስንት ሰው ነግሯችኋል? እኔን ማንም።

ተፈወስኩ አልልም። ጥር ላይ ጉንፋን ያዘኝ፣ ልጆቼ አይምሩኝም። ግን በስድስተኛው ቀን ለቀቀኝ! ከዚያ አንድ ቀን ፊደል እያስጻፍኩ የሆነ ነገር ሸተተኝና ዞር ስል ከኋላ ወንበር አንዷ ተማሪዬ ጠረጴዛ ሥር ደብቃ ብርቱካን ትልጣለች። ልቆጣት ነበር፤ አንድ ክንፍ ለምኛት በላሁ።

ሲስተርዬ፣ ዘርሽ ይባረክ። ስሜን እንዳትጽፊ ስላለችኝ አልጻፍኩም፣ ሆስፒታሉን ግን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እነግራለሁ። የምትሰቃዩ፣ በተለይ አስተማሪዎችና ሕፃናት የምትጠብቁ፣ ሂዱላት፣ እባካችሁ ሂዱላት። ማክሰኞና ሐሙስ ትገባለች፣ ወረፋ አለው፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ድረሱ። ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፣ ታስከፍታችኋለች።