ጂምፕን ለድረ ገጽ አኒሜሽን ስጠቀምበት፦ ከወራት በኋላ የተጻፈ ግምገማ

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ በሚጀምርበት በቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ ለትናንሽ ንግድ ቤቶች ማስታወቂያ እያዘጋጀሁ እሠራለሁ። ከሥራዬ ሰፊውን ድርሻ የሚይዙት ለድረ ገጽና ለቴሌግራም ቻናል የሚሆኑ አጫጭር ተንቀሳቃሽ ምስሎች፣ ማለትም የጂፍ ፋይሎች ናቸው። እነዚህን ከብዙ ወራት ወዲህ የምሠራቸው ጂምፕ በተባለው የምስል ማቀናበሪያ ሶፍትዌር፣ በ2.10 ቨርዥኑ ነው። ፎቶ ለማስተካከል ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ እኔ የምገመግመው ግን አኒሜሽን ለማቅለል (የፋይሉን ክብደት ለመቀነስ)፣ ለማስቀመጥና ከውጭ ለማስገባት ያለውን ብቃት ብቻ ነው።

ጂምፕ በ1996 ለሕዝብ የቀረበ፣ ያለ ክፍያ የሚወርድ ሶፍትዌር ነው። በየወሩ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልባቸው ሶፍትዌሮች በእኛ አገር ለግለሰብ ባለሙያ የማይቀመሱ ስለሆኑ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እስካሁን አብሬው የዘለቅሁት ግን በፋይሉ ክብደት ላይ በሚሰጠኝ ቁጥጥር ምክንያት ነው። የደንበኞቼን ማስታወቂያ የሚያየው ሰው በአብዛኛው በስልኩ፣ ገንዘብ ከፍሎ በገዛው የዳታ ፓኬጅ ነው የሚያየው፤ ብዙ ሜጋባይት የሚመዝን ባነር ተከፍቶ ሳያልቅ ተመልካቹ ገጹን ዘግቶ ይሄዳል።

በጂምፕ ውስጥ ለአኒሜሽን የተለየ የጊዜ መስመር የለም። እያንዳንዱ ሌየር፣ ማለትም በምስሉ ላይ የሚደረበው አንዱ ንብርብር፣ አንድ ፍሬም፣ ማለትም የእንቅስቃሴው አንድ ቅጽበት ሲሆን፣ ከሁሉም በታች ያለው መጀመሪያ፣ ከሁሉም በላይ ያለው መጨረሻ ይታያል። ፍሬሙ የሚቆይበት ጊዜ በሌየሩ ስም መጨረሻ ላይ፣ በቅንፍ ውስጥ፣ በሚሊሰከንድ ይጻፋል፤ በሌላ ቅንፍ ደግሞ አዲሱ ፍሬም የቀደመውን የሚተካ ከሆነ «ሪፕሌስ»፣ በላዩ የሚደረብ ከሆነ «ኮምባይን» ተብሎ ይጠቀሳል። የሌየሩን ስም በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ በቅንፎቹ ውስጥ ያለው ግን በላቲን ፊደል ካልሆነ ሶፍትዌሩ አይረዳውም። ሌየር በሌየር ስም እየከፈቱ ቁጥር መለወጥ በእውነት አድካሚ ነው፤ የጊዜ መስመር የለመደ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተስፋ ሊቆርጥ ይችላል። ፍጥነቱ ወጥ በሆነ ሥራ ላይ በስሞቹ ላይ ምንም ሳልጽፍ፣ ኤክስፖርት በማደርግበት (ሥራውን ጂፍ አድርጌ በማወጣበት) ጊዜ ለሁሉም አንድ ቁጥር እሰጣለሁ። ጂፍ ጊዜን የሚመዘግበው በሰከንድ መቶኛ ስለሆነ 125 ሚሊሰከንድ ብሎ መጻፍ ጥቅም የለውም። እንደ 10 ሚሊሰከንድ ያለ እጅግ አጭር ጊዜ መስጠትም አያዋጣም፤ የተለመዱት ብሮውዘሮች ወደ 100 ሚሊሰከንድ ስለሚቀይሩት ሊፈጥን የታሰበው ምስል ይብሱን ይንቀራፈፋል።

የሶፍትዌሩ ትልቁ ዋጋ በማቅለሉ ሥራ ላይ ይታያል። ለአንድ የቡና መሸጫ የሠራሁትን ባነር እንደ ምሳሌ ላንሳ። መጠኑ 600 በ200 ፒክስል ነው፤ በግራ በኩል ረከቦት ላይ የተደረደሩ ሲኒዎችና ጀበና፣ በቀኝ በኩል የቤቱ ስምና ዋጋ ይታያሉ፤ የሚንቀሳቀሰው ከጀበናው አፍ የሚወጣው እንፋሎት ብቻ ነው። አንዱ ፍሬም 120,000 ፒክስል አለው፤ ለአንድ ፒክስል አንድ ባይት ብንይዝ 12 ፍሬሞች ሳይታመቁ 1,440,000 ባይት ይሆናሉ። ከፊልተር ሜኑ፣ አኒሜሽን ሥር ያለውን «ኦፕቲማይዝ ፎር ጂፍ» ስጫን፣ ጂምፕ የመጀመሪያውን ፍሬም እንዳለ ይተውና ከሁለተኛው ጀምሮ እያንዳንዱን ከቀደመው ጋር አስተያይቶ፣ የተለወጠውን ቦታ ብቻ በአራት ማዕዘን ቆርጦ ያስቀራል። እንፋሎቱ የሚወሰነው 80 በ90 ፒክስል በሆነ ቦታ ውስጥ ስለሆነ ቀሪዎቹ 11 ፍሬሞች እያንዳንዳቸው ወደ 7,200 ፒክስል ይወርዳሉ። ጠቅላላው 199,200 ይሆናል ማለት ነው፤ የጂፍ ማመቂያ ገና ሳይነካው። ሌየሮቹን አንድ በአንድ ብንመለከት ከሁለተኛው ጀምሮ ረከቦቱም ጽሑፉም ጠፍተው፣ በባዶ ቦታ ላይ የተንሳፈፈ የእንፋሎት ቁራጭ ብቻ እናያለን። ውጤቱ የሚከፈተው እንደ አዲስ ምስል ስለሆነ ዋናው ሥራ አይነካም።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ጥቅም በቀለም ቅነሳው ጊዜ በአንድ ምርጫ ሊጠፋ ይችላል። ጂፍ በአንድ የቀለም ሠንጠረዥ ከ256 ቀለም በላይ አይዝም። አሠራሩ ለየፍሬሙ የተለየ ሠንጠረዥ ቢፈቅድም፣ ጂምፕ ምስሉን ወደ ኢንዴክስድ፣ ማለትም ቀለሙ ከተወሰነ ሠንጠረዥ ብቻ ወደሚወሰድበት ዓይነት፣ ሲቀይር ለሁሉም ሌየሮች አንድ ሠንጠረዥ ብቻ ያወጣል፤ ቀለሙ ከፍሬም ወደ ፍሬም በጣም ለሚለዋወጥ ሥራ ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው። የጎደለውን ቀለም በነጠብጣብ ለማስመሰል ዲዘሪንግ ይቀርባል። ብዙ ጊዜ የሚመከረው ፍሎይድ ስታይንበርግ ለቆመ ፎቶ ያማረ ነው፤ ለአኒሜሽን ግን አይሆንም፤ ምክንያቱም የአንዱን ፒክስል የቀለም ስህተት በቀኙና በታቹ ወዳሉት ጎረቤቶች ስለሚያሻግር፣ እንፋሎቱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ከሥሩ ያለው ያልተንቀሳቀሰ እንጨት ነጠብጣቡ ቦታ ይለውጣል። ያን ጊዜ ዳራው እንደ ጉንዳን ሠራዊት ይርመሰመሳል፤ ኦፕቲማይዝ የሚለውም ትእዛዝ ልዩነቱን በየቦታው ስለሚያገኘው የሚቆርጠው ነገር ያጣል። መፍትሔው በዚያው ዝርዝር ውስጥ ያለው «ፖዚሽንድ» የተባለው ምርጫ ነው፤ ነጠብጣቡን በፒክስሉ አቀማመጥ ስለሚወስን ያልተነካው ቦታ በሁሉም ፍሬም አንድ ዓይነት ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ የምከተለው ቅደም ተከተል መጀመሪያ በፖዚሽንድ ወደ ኢንዴክስድ መቀየር፣ ከዚያ ኦፕቲማይዝ ማድረግ ነው። የቀለሙን ብዛት ደግሞ ከ255 አላስበልጥም። ለግልጽ፣ ማለትም ከሥሩ ያለውን ለሚያሳይ፣ ፒክስል አንድ ቦታ ካልተረፈ ጂምፕ ግልጹን ክፍል በቀለም ሞልቶ ስለሚያስቀምጠው፣ ተቆርጠው የተደራረቡት ፍሬሞች ይበላሻሉ። እንደዚህ የቡና ባነር ላለ ሥራ 64 ቀለም ከበቂ በላይ ነው።

የግዕዝ ፊደል ለብቻው ትኩረት ይፈልጋል። ጂምፕ በኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክም ሆነ በአቢሲኒካ የተጻፈን ጽሑፍ ያለ ችግር ያሳያል። ነገር ግን በጂፍ አንድ ፒክስል ወይ ሙሉ ለሙሉ ግልጽ ነው፣ ወይ ሙሉ ለሙሉ ቀለም ነው፤ ግማሽ ግልጽነት የለም። ስለዚህ ዳራ በሌለው ሌየር ላይ የተጻፈ ትንሽ ፊደል ጠርዙ ይቆራረጣል። «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው በቀኝ እግሩ ላይ የምትቀጠለው ትንሽ ጭረት ያለችበት ከፍታ ብቻ ነው፤ በትንሽ መጠን ሁለት ፒክስል ሲበላ አንባቢው የሚያየው ሌላ ፊደል ነው። «ሴሚ ፍላተን» የተባለው ፊልተር የጠርዙን ግማሽ ግልጽ ፒክስሎች ከጀርባ ቀለሙ ጋር ስለሚያዋህዳቸው በእጅጉ ይረዳል፤ ለዚህም ምስሉ የሚቀመጥበት ገጽ ምን ቀለም እንዳለው አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ደንበኛውን ቀድሜ የምጠይቀውም ይህንኑ ነው።

ማስቀመጥን በተመለከተ ጂምፕ ከ2012 ጀምሮ፣ ከ2.8 ቨርዥን ወዲህ፣ ሴቭንና ኤክስፖርትን ለይቷቸዋል። ሴቭ የሚያስቀምጠው በራሱ በኤክስሲኤፍ ዓይነት ብቻ ሲሆን፣ ጂፍ የሚወጣው በኤክስፖርት በኩል ነው። ብዙዎች የሚማረሩበት ቢሆንም እኔ ትክክለኛ ውሳኔ ነው እላለሁ፤ ሌየሮቹ፣ ሙሉ ቀለማቸውና ሊታረም የሚችለው ጽሑፍ የሚተርፉት በኤክስሲኤፍ ውስጥ ብቻ ነውና። የቡናው ዋጋ በተለወጠ ቁጥር ያንን ፋይል ከፍቼ ቁጥሩን አስተካክዬ እንደገና አወጣለሁ። በኤክስፖርት መስኮቱ ላይ «አዝ አኒሜሽን» የሚለው ምልክት ካልተደረገበት ሌየሮቹ ሁሉ ተጨፍልቀው አንድ የቆመ ምስል ይወጣል። ቅር የሚያሰኘኝ ጂምፕ በየተወሰነ ደቂቃ በራሱ ሴቭ የማያደርግ መሆኑ ነው፤ መብራት ሳይታሰብ በሚጠፋበት ሰፈር፣ በተለይ ባትሪ በሌለው ዴስክቶፕ ለሚሠራ ሰው፣ ይህ ከባድ እጥረት ነው።

ጂምፕ ዌብፒ የተባለውንም ዓይነት ከነእንቅስቃሴው ያወጣል፤ የ256 ቀለም ገደብ የለበትም፣ ግማሽ ግልጽነትንም ይቀበላል፣ በእኔ ሥራዎች ላይም መጠኑ ብዙ ጊዜ ከጂፉ ያነሰ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ለድረ ገጽ ከሆነ ዛሬ የምመርጠው እርሱን ነው። ለኢሜይል ግን ጂፍ ይሻላል፤ አንዳንድ የቆዩ የአውትሉክ ቨርዥኖች የመጀመሪያውን ፍሬም ብቻ ስለሚያሳዩ ስምና ዋጋ በዚያው ፍሬም ላይ መገኘት ይኖርባቸዋል።

በመጨረሻ ማስገባትን ላንሳ። በተከታታይ የተቀመጡ ሥዕሎችን «ኦፕን አዝ ሌየርስ» በሚለው ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ማስገባት ይቻላል፤ ቅደም ተከተላቸው ከተገለበጠ በሌየር ሜኑ ውስጥ የሚገለብጣቸው ትእዛዝ አለ። የፋይሎቹን ስም 01፣ 02 እያሉ መቁጠር 10ኛው ከ2ኛው ቀድሞ እንዳይገባ ይከላከላል። ሌላ ሰው የሠራውን ጂፍ ስንከፍት ደግሞ እያንዳንዱ ፍሬም ከነጊዜው ሌየር ሆኖ ይገባል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ቀድሞ ስለቀለለ ሌየሮቹ ቁርጥራጭ ናቸው። «አንኦፕቲማይዝ» የሚለው ትእዛዝ ቁርጥራጮቹን ወደ ሙሉ ፍሬም ይመልሳቸዋል፤ ምስሉን ወደ አርጂቢ፣ ማለትም ወደ ሙሉ ቀለም ዓይነት፣ ቀይሮ ማረም የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። የጠፋ ቀለም ግን በዚህ አይመለስም። ቴሌግራም የተላከለትን ጂፍ ድምፅ ወደሌለው ኤምፒ4 ቪዲዮ ስለሚቀይረው፣ ከቻናል ላይ ወርዶ የሚመጣልኝን «ጂፍ» ጂምፕ ሊከፍተው አይችልም። ስለዚህ የቀድሞ ማስታወቂያቸው እንዲታረምላቸው የሚፈልጉ ደንበኞች ዋናውን ፋይል በዚፕ አሽገው፣ ከተገኘም ኤክስሲኤፉን ራሱን እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ።